አይጧ የምትነግረንና የማትነግረን፦ የካንሰር ሥርጭትና በሽታ የመከላከል ሥርዓት ከጎንደር ሲታዩ

(በሕዝባዊ የንግግር መድረክ የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል። በመጨረሻ ከታዳሚዎች የቀረቡ ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ተካተዋል።)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ትንሽ እንስሳ ነው። ክብደቷ ከ20 እስከ 30 ግራም ቢሆን ነው። የምትፀንሰው ለሦስት ሳምንት ገደማ ነው፤ ከተወለደች በሁለት ወር ውስጥ ራሷ ለመውለድ ትደርሳለች። በዚህ አዳራሽ ውስጥ አይጥን የማያውቅ የለም፤ በጎተራችንም በጓዳችንም አለች። ሆኖም ባለፉት መቶ ዓመታት ስለ ካንሰር ካወቅነው ብዙው ያለፈው በእርሷ በኩል ነው። እኔ ለመመለስ የምሞክረው ጥያቄ አንድ ነው፦ በንጹሕ ሣጥን ውስጥ፣ በተጣራ አየርና በተመጠነ መኖ ያደገች አይጥ ስለ ካንሰር ሥርጭት የምትሰጠው ምስክርነት፣ ከጃናሞራ ወይም ከዳባት ተነሥታ ወደ ሆስፒታል ለመጣች እናት ምን ያህል ይሠራል?

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚከሠቱት የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ አንድ ጥናት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታከሙ 1,070 ሴቶች ክትትል ተደርጎባቸው ነበር፤ የዕድሜያቸው አማካይ ነጥብ 43 ዓመት ነው። ልጅ በማሳደግና ቤት በማስተዳደር ላይ ያሉ ሴቶች ናቸው ማለት ነው። ከደጋው የሚመጡ ሕሙማን ብዙዎቹ የሚደርሱን በጠበልም በባህል መድኃኒትም ከቆዩ በኋላ፣ በብብታቸው ያለው ንፍፊት ካበጠ በኋላ ነው። ለብዙ ዓመታትም የጨረር ሕክምና በአገራችን በጥቁር አንበሳ ብቻ ይሰጥ ስለነበር፣ የጎንደር ሰው ለዚያ ሕክምና አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ነበረበት። ዕጢው በጡት ላይ ብቻ ቢቀር በቀዶ ሕክምና ይወገድ ነበር። በአብዛኛው የሚገድለው ሥርጭቱ ነው፤ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት፣ ወደ አጥንትና ወደ አንጎል የሚሄደው። ስለዚህ ሥርጭትን መረዳት ለእኛ ከሌላው ዓለም ይልቅ አንገብጋቢ ነው።

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘርና መሬት

በ1889 እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ስቲቨን ፓጄት በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን የአስከሬን ምርመራ መዝገብ አገላብጦ አንድ ነገር አስተዋለ። ካንሰሩ በደም የተበተነ ዘር ቢሆን ኖሮ ደም በሚደርስበት ሁሉ በእኩል ይበቅል ነበር። ግን አልሆነም፤ ጉበትን አዘውትሮ ሲያጠቃ፣ ደም በብዛት የሚጎርፍበትን ጣፊያን እምብዛም አይነካም። ፓጄት ይህን በዘርና በመሬት መሰለው።

ይህ ምሳሌ ለሰሜን ጎንደር ገበሬ ማብራሪያ አያሻውም። ገብስ በደባርቅ ያምራል፤ ሰሊጥ ግን መተማ ቆላ ካልወረደ አይሆንም። ዘሩ አንድ ሆኖ መሬቱ ሲለያይ አዝመራው ይለያያል። ይሁንና ፓጄት በእጁ የነበረው መዝገብ ብቻ ነው። መዝገብ የሆነውን ያሳያል እንጂ ለምን እንደሆነ አያስረዳም። ምክንያቱን ለማወቅ ዘሩን ሆን ብሎ መዝራት፣ መሬቱንም ሆን ብሎ መለወጥ ያስፈልጋል። ይህን በሰው ላይ ማድረግ አይቻልም፤ አይጥ ወደ ሳይንሱ የገባችው በዚህ በር ነው።

መጀመሪያ ግን የአይጦቹ ተፈጥሮ አንድ መሆን ነበረበት። አንድን ዕጢ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ስናዛውር ተቀባይዋ እንደ ባዕድ አካል ቆጥራ ከጣለችው ሙከራው ስለ ካንሰር ምንም አይነግረንም። አሜሪካዊው ክላረንስ ኩክ ሊትል ከ1909 ጀምሮ ወንድምና እኅት አይጦችን ትውልድ በትውልድ እያጋባ፣ በዘረ መል መንትያ የሚያህሉ ዝርያዎችን አበጀ። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የምትሠራበት ሲ57 ብላክ 6 የተባለችው ጥቁር አይጥ የመጣችው ከዚያ ሥራ ነው። ነጯ ባልብ/ሲ ደግሞ በ1913 ሃልሲ ባግ ከሰበሰባቸው ነጭ አይጦች ትወርዳለች።

በ1970ዎቹ አይዛያ ፊድለር ቢ16 የተባለውን የቆዳ ካንሰር ወደ አይጦች የጅራት ደም ሥር አስገባ። ምልክት ከተደረገባቸው ሕዋሳት ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞሉት ብቻ ሳንባ ውስጥ ተርፈው ቅኝ ዕጢ አበጁ። ሳንባ ላይ የበቀሉትን አውጥቶ፣ አባዝቶ፣ እንደገና ወደ አዲስ አይጦች አስገባ፤ ይህንም ደጋገመው። በእያንዳንዱ ዙር የሚወጡት ሕዋሳት ሳንባን ለመውረር ይበልጥ የበቁ ሆኑ። በ1977 ከማርጋሬት ክሪፕኪ ጋር ባሳተመው ሥራ ደግሞ የመሠራጨት ችሎታ ያላቸው ሕዋሳት በመጀመሪያው ዕጢ ውስጥ አስቀድመው እንዳሉ አሳየ። ዕጢ አንድ ወጥ አይደለም፤ ስንዴና እንክርዳድ የተደባለቀበት ማሳ ነው።

ሁለት ዓይነት ሙከራ፣ ሁለት ዓይነት ጥያቄ

ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ልዩነቱን እንዲይዙልኝ እፈልጋለሁ። ሕዋሳትን በጅራት ደም ሥር ስናስገባ ጉዞውን ከመካከሉ ነው የምንጀምረው። ካንሰሩ ከነበረበት ቦታ እንዴት እንደተላቀቀ፣ በዙሪያው ያለውን አጥር እንዴት እንደጣሰ፣ ወደ ደም ሥር እንዴት እንደገባ ይህ ሙከራ አይመልስም። የሚመልሰው አንድ ነገር ነው፤ ደም ውስጥ የገባ ሕዋስ እንዴት ይተርፋል፣ የት ይተከላል የሚለውን።

ሙሉውን ጉዞ ለማየት ሌላ ስልት አለ። 4ቲ1 የተባለው የባልብ/ሲ አይጥ የጡት ካንሰር በጡቷ ውስጥ ይተከላል፤ አድጎ ራሱ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት፣ ወደ አጥንትና ወደ አንጎል ይሠራጫል። ተመራማሪው የመጀመሪያውን ዕጢ በቀዶ ሕክምና አውጥቶ አይጧን መከታተል ይችላል፤ ይህም ጡቷ ከተወገደ በኋላ ካንሰሩ ከሚመለስባት ሴት ታሪክ ጋር በጣም ይቀራረባል። በ1992 ይፋ የሆነ ሌላ ዝርያ ደግሞ አለ፤ ካንሰር አምጪ ጂን በጡቷ ሕዋሳት ውስጥ እንዲሠራ ስለተደረገ ዕጢው ከውጭ ሳይተከል ከራሷ አካል ይነሣል።

የሰውን ዕጢ በአይጥ ላይ ማሳደግም ይቻላል፤ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የሰው ሕዋስ እንዳይጣል የአይጧ የመከላከል ሥርዓት መጓደል አለበት። በ1969 በዴንማርክ የሰው ዕጢ የተተከለባት ጸጉር አልባ አይጥ ታይመስ የተባለው ዕጢ ስለሌላት ቲ ሴል አታመርትም። የሰው ካንሰር በእርሷ ላይ ይበቅላል፤ መሠራጨት ግን ብዙም አይሆንለትም፤ ምክንያቱም ባዕድና የተለወጠ ሕዋስን ያለ ቀጠሮ የሚገድሉት ናቹራል ኪለር ሴሎች በርትተው ይጠብቋታል። እነርሱም የሌሉባቸው ዝርያዎች ከ2000ዎቹ ወዲህ ሲመጡ ሥርጭቱ ታየ። ነገር ግን ጠባቂ በሌለው ግቢ ስለ ጥበቃ ማጥናት አይቻልም። ስለዚህ የመከላከል ሥርዓትን የሚመለከት ጥያቄ ያለው ሰው የአይጥን ካንሰር ሙሉ አቅም ባላት አይጥ ላይ ማጥናት ይገባዋል።

ጠባቂው ሲተባበር

እንዲህ ያለው ሙከራ የሰጠን ትልቁ ትምህርት የመከላከል ሥርዓት ሁልጊዜ ጠላት አሳዳጅ አለመሆኑ ነው። በ2001 የታተመ አንድ ሥራ ቀደም ብዬ ያነሣኋትን በጂን የተለወጠች አይጥ ወስዶ፣ ማክሮፌጅ የተባሉትን ነጭ የደም ሴሎች የሚያሳድገውን ንጥረ ነገር አስቀረባት። የመጀመሪያው ዕጢ እንደ ወትሮው አደገ፤ ወደ ሳንባ መሠራጨቱ ግን እጅግ ቀነሰ። ቀጥሎ በመጡ ሥራዎች ማክሮፌጆች ለካንሰር ሕዋሳት ወደ ደም ሥር የሚገቡበትን በር እንደሚከፍቱ በአጉሊ መነጽር ታየ። ዘበኛው ሌባውን ቁልፍ ይዞ ጠበቀው እንደማለት ነው። ይህን ከሰው ናሙና ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም ነበር። በሰው ዕጢ ውስጥ ማክሮፌጅ በዝቶ ብናይ ወይ እየተዋጋ ነው፣ ወይ እያገዘ ነው ብለን እንከራከር ነበር።

ሁለተኛው ትምህርት የፍሬኑ ነገር ነው። ቲ ሴል ራሳችንን እንዳያጠቃ ፍሬን ተሠርቶለታል። ካንሰር ይህን ፍሬን ይረግጥበታል። በ1996 የጄምስ አሊሰን ቡድን ሲቲኤልኤ 4 የተባለውን ፍሬን በፀረ እንግዳ አካል ሲዘጋ በአይጦች ላይ የነበሩ ዕጢዎች ጠፉ። ታሱኩ ሆንጆ ደግሞ ፒዲ 1 የተባለውን ሌላ ፍሬን በ1992 አግኝቶ ነበር። ከአይጥ የተነሣው ይህ መንገድ በ2011 የመጀመሪያውን የዚህ ዓይነት መድኃኒት ለሕሙማን አደረሰ፤ በ2018 ለሁለቱ ሰዎች የኖቤል ሽልማትን አስገኘ።

ከአይጥ ወደ ካላዛር ሕሙማን

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ይህ ሁሉ ከጎንደር ጋር ምን ያገናኘዋል? ከሚታሰበው በላይ ይገናኛል፤ የሚያገናኘውም ካላዛር ነው።

በየዓመቱ ከደጋው ወጣቶች ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳሉ። በአሸዋ ዝንብ ተነክሰው ጥገኛውን ይዘው የሚመለሱ አሉ። በሽታው ጣፊያን፣ ጉበትንና መቅኔን ይይዛል፤ ትኩሳትና ክሳት ያመጣል፤ ካልታከመ ይገድላል። ካላዛር ካንሰር አይደለም። ነገር ግን ጥገኛው ከመከላከል ሥርዓት የሚሸሸግበት ብልሃት ካንሰር ከሚጠቀምበት ጋር ይመሳሰላል።

አርጂኔዝ የተባለውን ኢንዛይም እንውሰድ። ቲ ሴል እንዲባዛ አርጂኒን የተባለ አሚኖ አሲድ ያስፈልገዋል፤ አርጂኔዝ ይህን ስንቅ ይበላበታል። ሊሽማኒያ የያዛቸው ባልብ/ሲ አይጦች በማይድን ቁስላቸው ውስጥ አርጂኔዝ በዝቶ ቲ ሴሎቻቸው ተርበው እንደሚገኙ ታየ። በአይጥ ዕጢዎች ውስጥም ይኸው ሆኖ ተገኘ። በ2013 የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የለንደን ባልደረቦቻቸው ጥያቄውን ወደ ሰው አመጡት፦ በካላዛር ሕሙማን ደም ውስጥ የአርጂኔዝ ሥራ ከጤነኞች በልጦ ተገኘ፤ ሕክምናው ሲሠራም ቀነሰ፤ ኤችአይቪ በተደረበባቸው ሕሙማን ደግሞ ከሁሉ ከፍ ብሎ ታየ። በ2022 በታተመው ሥራቸው ኤችአይቪና ካላዛር የተደራረቡባቸውን ሕሙማን ተከታትለው፣ በሽታው የሚመለስባቸውን አስቀድሞ የሚጠቁመው የሕክምና ምልክት ሳይሆን የመከላከል ሥርዓቱ ሁኔታ መሆኑን አሳዩ፦ የሲዲ 4 ሴሎች ማነስ፣ የኢንተርፌሮን ጋማ ምርት መድከም፣ የፒዲ 1 መብዛት። አሊሰንና ሆንጆ በአይጥ ያጠኑት የፍሬን ነገር በመተማ ቆላ በታመመ ሰው ደም ውስጥ ተለካ ማለት ነው። አይጧ የምትጠቅመው እንዲህ ነው፤ መልሱን አትሰጥም፤ በሰው ላይ ምን እንደምንለካ ትጠቁማለች።

ማስጠንቀቂያም ትሰጣለች። ፒዲ 1 የሌላቸው አይጦች በሳንባ ነቀርሳ ሲያዙ በፍጥነት እንደሚሞቱ በ2010 እና በ2011 በወጡ ሥራዎች ታይቷል፤ ፍሬኑ ሲነሣ ቁጣው ራሱን ሳንባውን ያጠፋል። በኋላም ፒዲ 1ን የሚዘጋ መድኃኒት በወሰዱ የካንሰር ሕሙማን ላይ ተሸሽጎ የኖረ ነቀርሳ ሲነሣ በሐኪሞች ተመዝግቧል። ነቀርሳ ብርቅ በሆነበት አገር ይህ የግርጌ ማስታወሻ ነው። በእኛ አገር ግን መድኃኒቱ ከመድረሱ አስቀድሞ ልንዘጋጅበት የሚገባ ዋና ጉዳይ ነው።

ንጹሕ አይጥ፣ ያልጸዳ ዓለም

የማትነግረንን ደግሞ እንይ። በ2006 በለንደን ቲጂኤን1412 የተባለ ቲ ሴልን የሚያነቃ መድኃኒት ለስድስት ጤነኛ ፈቃደኞች ተሰጠ። በእንስሳት ላይ ጉዳት አላሳየም ነበር። ስድስቱም በሰዓታት ውስጥ በመከላከል ሥርዓታቸው ቁጣ ለሞት ተቃረቡ። በ2016 የወጣ ሥራ ደግሞ የቤተ ሙከራ አይጥ የመከላከል ሥርዓት ከጎልማሳ ሰው ይልቅ አራስ ሕፃንን እንደሚመስል አሳየ፤ ከሱቅ ከተገዙ ተራ አይጦች ጋር አብራ ስትኖር ግን ወደ ጎልማሳው ተጠጋ። በ2019 የዱር አይጥ ተሕዋስያንን ይዘው የተወለዱ የቤተ ሙከራ አይጦች ያንኑ ዓይነት መድኃኒት ሲወስዱ፣ ንጹሖቹ ያላሳዩትን የሰውን ምላሽ አሳዩ።

ይህ ለጎንደር ደጋ ትልቅ ትርጉም አለው። የእኛ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ከወስፋት፣ ከመንጠቆ ትል፣ በጣና ዙሪያም ከቢልሃርዚያ ጋር ኖሯል። በ1990ዎቹ ወደ እስራኤል የሄዱ ኢትዮጵያውያን፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ የጎንደር ሰዎች፣ ሲመረመሩ የመከላከል ሥርዓታቸው ያለማቋረጥ የተቆጣና በዚያው ልክ የደከመ ሆኖ ተገኝቷል፤ ትላትሉ ድርሻ እንዳለበትም ታይቷል። ዳንኤል ኤልያስና ባልደረቦቹ በ2005 ቢልሃርዚያ በያዛቸው አይጦች ላይ የቢሲጂ ክትባት የሚሰጠው ጥበቃ እንደሚቀንስ አሳተሙ፤ በ2006 ደግሞ እዚሁ ጎንደር በተደረገ ጥናት የአንጀት ትላትል በነቀርሳ ሕሙማን ላይ ከጤነኛ ቤተሰቦቻቸው በጉልህ በልጦ መገኘቱን አወጡ። አይጡና ሰው እንዲህ ጎን ለጎን ሲቆሙ ምስክርነቱ ይጸናል።

ስለዚህ የምሟገተው ይህን ነው። የጎንደር የካንሰር ምርምር አይጧን ብቻ መከተል የለበትም፤ አይጧ የጎደላትን መሙላት አለበት። ከዕጢ ናሙና ጋር የሕመምተኛዋ የሰገራ ምርመራ፣ የነቀርሳና የኤችአይቪ ሁኔታ፣ የደም ሴሎቿ ዓይነት አብሮ ቢመዘገብ፣ ማንም ንጹሕ ቤተ ሙከራ ያለው አገር ሊያገኘው የማይችለውን እውቀት እናገኛለን። ዳባት ላይ ከ1996 ጀምሮ የሕዝብ ጤና ክትትል ማዕከል ያለው ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ጅማሬ አይጎድለውም።

ለተማሪዎች አንድ ምክር ልጨምር። የአይጥ ሙከራ ስታነቡ እነዚህን ጠይቁ፦ ዝርያዋ የትኛዋ ናት? ካንሰሩ የት ነው የተተከለው፣ ከጉዞው የትኛውን ክፍልስ ይወክላል? የመከላከል ሥርዓቷ ሙሉ ነው ወይስ የተጓደለ? ሕክምናው የተጀመረው ዕጢው ከመሠራጨቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? አይጦቹ በዕጣ ተመደቡ፣ ውጤቱን የለካውስ ሰው ምድባቸውን ያውቅ ነበር? አራተኛዋን ጥያቄ በተለይ አትርሷት። ብዙ ሙከራዎች ሥርጭትን አስቀድመው ይከላከላሉ፤ ወደ እኛ የሚመጡት ግን የተሠራጨባቸው ናቸው።

ከታዳሚዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ (የማስተርስ ተማሪ)፦ እንዲህ ያለውን የአይጥ ቤት እዚህ ማቋቋም እንችላለን?

መልስ፦ አይጥ በአገራችን ቤተ ሙከራዎች አዲስ አይደለችም። የባህል መድኃኒት ዕፅዋትን በወባ ላይ የሚፈትኑ የፋርማኮሎጂ ባልደረቦቻችን ስዊስ አልቢኖ በተባለችው ነጭ አይጥ ይሠራሉ። እርሷ ግን ዘረ መሏ የተደባለቀ ስለሆነ የሌላዋን ዕጢ ለመትከል አትመችም፤ ለዚያ ወንድምና እኅት ተጋብተው የጠራ ዝርያ ያስፈልጋል። ሙቀቱ፣ የመብራትና የጨለማው ሰዓት፣ አየሩ ሳይዛነፍ መጠበቅ አለበት፤ መብራት በሚቋረጥበት ሁኔታ ይህ ከባድ ወጪ ነው። እኔ ብጠየቅ በቅድሚያ የፓቶሎጂ ናሙና አያያዛችንን አስተካክል ነበር። ቀዶ ክፍል ወጥቶ በወቅቱ በፎርማሊን ያልገባ ናሙናን ምንም አይጥ አትክሰውም።

ጥያቄ (ነርስ)፦ የሕሙማን ቤተሰቦች «የካንሰር መድኃኒት ተገኘ ሲሉ በሬዲዮ ሰማን» ይሉናል። ምን ብለን እንመልስ?

መልስ፦ እውነቱን፣ በአክብሮት። «እማማ፣ የሰሙት እውነት ነው፤ ግን የታየው በአይጥ ነው፤ ለሰው እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ሳይደርስም ሊቀር ይችላል። ዛሬ በእጃችን ያለው ሕክምና ግን በጊዜ ለመጣ ሰው ይረዳል» በሏቸው። ከዚያ ሴት ልጆቻቸውንና እኅቶቻቸውን ጡታቸው ላይ እብጠት ሲያዩ ሳይቆዩ እንዲመጡ ንገሯቸው። ጠበሉን ተዉ አትበሉ፤ ጠበሉም ሕክምናውም አብረው ይሁኑ በሉ። ተዉ የተባለ ሰው ተመልሶ አይመጣም።

ጥያቄ (የሥራ ባልደረባ)፦ ይህን ያህል እንስሳ ማሠቃየት በምን ይጸድቃል?

መልስ፦ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይላል የአገራችን ሰው። በቤተ ሙከራ ግን ነገሩ ተገልብጦ ነው፤ በሰው ሕመም አይጧ ትመታለች። ስለዚህ ዕዳ አለብን። ራስልና በርች በ1959 ያስቀመጡት መመሪያ እስከ ዛሬ ይሠራል፦ እንስሳን በሌላ መንገድ መተካት ከተቻለ ተካ፣ ካልተቻለ ቁጥራቸውን ቀንስ፣ ሥቃያቸውን አቅልል። ውጤቷ የማይታመን ሙከራ ላይ የሞተች አይጥ በከንቱ ሞታለች፤ ስለዚህ ደካማ የጥናት ንድፍ የሳይንስ ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባርም ጉድለት ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት ስትቀርቡ «ስንት አይጥ?» ለሚለው ጥያቄ የስታቲስቲክስ መልስ ይዛችሁ ቅረቡ።